የመተማ መንገድና የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ፊት ቀርበው፣ ከእንግዲህ በኤሌክትሪክ የማይሠራ አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ ከተናገሩ ወዲህ፣ በግቢያችን ውስጥ በዚህ ነገር ያልተከራከረ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። በሻይ ቤትም ሆነ በመኝታ ቤት የሚሰማው ክርክር ግን ሁሉም የአዲስ አበባ ክርክር ነው። አንዱ የቦሌን ጎዳና ጭስ ያነሣል፤ ሁለተኛው የአስመጪዎችን ትርፍ ያሰላል፤ ሦስተኛው ደግሞ በዓለም ላይ እንዲህ ያለውን ክልከላ በማውጣት የመጀመሪያዎቹ እኛ ነንና ልንኮራ ይገባናል ይላል። ይህ ሁሉ ሲባል «ለመሆኑ ይህ አውቶሞቢል መተማ ይደርሳልን? ከደረሰስ ይመለሳልን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልሰማሁም። እኔ የቆላ ልጅ ነኝና ልጠይቅ።

አቋሜን አስቀድሜ ላስታውቅ፤ አለበለዚያ «ይህ ሰው የሥልጣኔ ጠላት ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ጠላት አይደለሁም። ነዳጅ በአገራችን አይጣራም፤ ያለን ቤንዚንና ናፍጣ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ አብዛኛውም በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ቡና ሸጠን፣ ሰሊጥ ሸጠን ያገኘነውን ዶላር በጭስ መልክ ወደ ሰማይ እንሰደዋለን። በሌላ በኩል መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት ዐቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በደጅ የሚፈሰውን ውሃ ትቶ የሰው ዘይት መግዛት እንደማያዋጣ ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያሻም። ስለዚህ ጥያቄዬ «ለምን?» የሚል አይደለም። ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ ይወድቃል? ከምን ቀድሞ ምን ይከተላል? በየትኛውስ ሕግ ጥላ ሥር? የሚል ነው።

ብዙ ሰው መተማን የሚያውቃት በአንዲት ቀን ብቻ ነው፤ እርሷም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የሞት ቁስል የቆሰሉባት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ናት። ከዚያ ወዲህ ግን ከተማይቱ ሥራ ፈትታ አልተቀመጠችም። ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ፣ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በገንደ ውሃና በኮኪት አልፎ ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ መጨረሻው እርሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ትንሽ ድልድይ አለች፣ ከድልድዪቱ ማዶ ገላባት ነው፣ ሱዳን ነው። ሰሊጥና ጥጥ የሚወርደው፣ ሸቀጥ የሚወጣው፣ በአጨዳ ጊዜ ሳሉግ የሚባለው የጉልበት ሠራተኛ ከደጋው የሚጎርፈው በዚሁ መንገድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳም፣ ሻንጣ የያዘውና ባዶ እጁን የወጣው፣ ሱዳናዊውና የሌላ አገር ዜጋው ሁሉ በዚያች ድልድይ ተሻግሮ መጣ።

አሁን አንድ የማይነገር ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ኢትዮጵያ ቤንዚን ከሱዳን ትገዛ ነበር፤ ቦቴዎቹም የሚመጡት በመተማ በኩል ነበር። ይህ ንግድ ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ተገንጥላ ዘይቱን ይዛው ከሄደች ወዲህ ተዳከመ። ኃይል በዚያ መንገድ ላይ መጓዙን ግን አልተወም፤ አቅጣጫውን ብቻ ለወጠ። ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲ በኩል ገዳሪፍ የሚዘልቅ የ230 ሺህ ቮልት መስመር ከተዘረጋ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀድሞ ዘይት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይመጣ ነበር፤ አሁን መብራት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የቆላው ሰው ሁለቱንም በዐይኑ ሸኝቷል።

ከዚያ የብረት ምሰሶ ሥር ቆሞ ሽቦውን ቀና ብሎ የሚያይ ባላገር ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያበራው ኩራዝ ወይም አንዲት የፀሐይ ፋኖስ ነው። ይህ የምዕራብ ጎንደር ነገር ብቻ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ እስካሁን መብራት አላገኘም፣ ከእነርሱም አብዛኞቹ በገጠር ያሉ ናቸው። እርግጥ ነው፣ 230 ሺህ ቮልት የተሸከመን ሽቦ ማንም እየጠለፈ አምፖል ሊያበራበት አይችልም፤ ኃይሉ በማከፋፈያ ጣቢያ ዝቅ ተደርጎ፣ እንደገናም በየሰፈሩ ትራንስፎርመር ተሰባብሮ ነው ለቤት የሚሆነው። ይህን ስለማውቅ «ለሱዳን እየሸጡ እኛን ጨለማ ውስጥ ጣሉን» እያሉ ከሚጮኹት ጋር አልጮኽም፤ ጎረቤትን ማብራት መልካም ነው፣ የሚገኘውም ምንዛሪ ለአገር ይበጃል። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ለሸኸዲ ማከፋፈያ ጣቢያ የተደረገው ወጪ ተደርጓል፤ የቀረው ከጣቢያው እስከ ቀበሌው ያለው የእንጨት ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው። ትልቁ ሥራ ተሠርቶ ትንሹ ሲቀር ማየት ያናድዳል።

መብራት ያለበት ከተማም ቢሆን ስሌቱን እንይ። የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቼ ቁጥሩን አሳይተውኛል፤ ስሕተት ካለበት ከእነርሱ ጋር ይከራከሩ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በየአውራ ጎዳናው ይተከላል የሚባለው ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ አንዱ ብቻ 120 ኪሎ ዋት ሊወስድ ይችላል። ይህም ማለት አንድ ባለ አውቶሞቢል እየሞላ ሳለ፣ ሠላሳ እናቶች በአንድ ጊዜ ምጣዳቸውን ጥደዋል ማለት ነው። በአንድ ሰፈር ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር 200 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢሆን፣ ሁለት አውቶሞቢል ሲቆምበት ያበቃለታል፤ የሰፈሩ ሰው እንጀራውን በማገዶ ይጋግር። ይህ ለአዲስ አበባ የኢንጂነሮች ጥያቄ ነው። መብራት ሲጠፋ «ዛሬስ ስንት ቀን ይቆይ ይሆን?» በሚባልበት ከተማ ግን የጎረቤት ጠብ ነው።

ወደ መንገዱ እንመለስ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 700 ሜትር ናት፣ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር ትበልጣለች። ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣ 1,800 ኪሎ የሚመዝን አውቶሞቢል ራሱን ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ይበላል። ለ180 ኪሎ ሜትሩ ጉዞ የሚያስፈልገው 27 ገደማ ይሆናል። በድምሩ 35 ያህል ያዙ፤ የማቀዝቀዣውን አልቆጠርኩም፣ በመጋቢትና በሚያዝያ የመተማ ሙቀት 40 ዲግሪ ሲያልፍ ማቀዝቀዣ ዘግቶ የሚጓዝ ጀግና ካለ ይቁጠረው። መካከለኛ ባትሪ ያለው አውቶሞቢል ይህን ይችላል፤ አይችልም አልልም። እንዲያውም ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ኃይል አመንጪ ሆኖ ከቁልቁለቱ የተወሰነውን መልሶ ለባትሪው ይሰጣል፤ ቤንዚን እንዲህ ያለ ምሕረት አያውቅም። ችግሩ የሚጀምረው መተማ ላይ ነው። በተራ የቤት ሶኬት፣ በአንድ ምጣድ ልክ ኃይል፣ ያን 35 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመሙላት ዐሥር ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ከጠፋ እንግዳው በማግሥቱ የሚያድረው አይከል ዳገት ላይ ነው።

ሙቀቱም ለራሱ ጠላት ነው። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ሲበዛበት ቶሎ ያረጃል፤ ብልህ የሆነው አውቶሞቢል ሲሞቅበት ኃይል መቀበሉን በራሱ ይቀንሳል፣ ርካሹ ግን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንኳ የለውምና ዝም ብሎ ይቃጠላል። የባትሪ ዋጋ ደግሞ ከአውቶሞቢሉ ዋጋ ትልቁ ድርሻ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያህል ዓመት ያገለግላል የተባለ ባትሪ ቆላ ላይ ስንት ዓመት እንደሚያገለግል ሻጩ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ የሚያስገድድ ደንብ መኖር ነበረበት።

ይህች የድንጋይና የሐሩር አገር በውጭ አገር መኪና ላይ ስትስቅ የመጀመሪያዋ አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. እንግሊዞች በብሪጋዴር ስሊም መሪነት ገላባትን ከጣልያን ለማስለቀቅ ሲያጠቁ ታንክ ይዘው መጥተው ነበር። ከታንኮቹ አብዛኞቹን ያስቆማቸው የጠላት መድፍ ሳይሆን ፈንጂውና ሰንሰለት የሚበጥሰው ድንጋይ ነበር። ታንክ የማይረባ ነገር ስለሆነ አይደለም፤ በሌላ መሬት ታስቦ ስለተሠራ ነው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ኃይል ነው፤ ይህ ገንዘብና ጊዜ ካለ ይቃናል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። ዛሬ የሚመጣው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል መኪና ብቻ አይደለም፤ ጎማ የተገጠመለት ስልክ ነው። በውስጡ ሲም ካርድ አለው፣ ከሠራው ድርጅት ኮምፒዩተር ጋር በየጊዜው ይነጋገራል፣ ፕሮግራሙ ከሩቅ ይታደሳል፣ በሩ በስልክ ይከፈታል። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስወርድ ከአንድ ሾፌር ጋር ስንጨዋወት እንዲህ አለኝ፤ «ወንድሜ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ስትታመም ገልጬ አያታለሁ፣ ካልሆነም መካኒኩ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣታል። ይቺኛዋ ግን ስትታመም በቻይንኛ ጽፋ ታሳየኛለች። ስልክ ላይ ልክፈታት ብል የቻይና ስልክ ቁጥር አምጣ ትለኛለች። እኔ ከየት አባቴ ላምጣ?» ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘሁትም። ወደ እኛ ከሚገቡት መካከል ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው፣ ከፋብሪካው ጋር ውል በሌለው ነጋዴ የሚመጡ ናቸው። ፋብሪካው «እኔ ለኢትዮጵያ አልሸጥኩም» ይላል፤ ነጋዴው «እኔ አልሠራሁትም» ይላል።

ለመሆኑ ይህ ከኔትወርክ ጋር የተጋባ አውቶሞቢል ኔትወርክ በሌለበት ምን ይሆናል? ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ውጊያው ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ይህን ያዘዘው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ለሌላ ጊዜ ላቆየው፤ አሁን የማነሣው ውጤቱን ነው። እውነቱን ለመናገር ኔትወርክ ስለጠፋ ብቻ አውቶሞቢሉ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ አይቆምም። የሚቆመው በዙሪያው ያለው ሁሉ ነው። ካርታው አይመጣም፣ ፕሮግራሙ አይታደስም፣ ብልሽቱን ከሩቅ የሚመረምረው ባለሙያ አያገኘውም። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ክፍያው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ፈጣን የቻርጅ ጣቢያ ክፍያ በቴሌብር ነው፤ ለቦሌ ይህ ምቾት ነው፣ ተቀብዬዋለሁ። በዚሁ አምሳል የተሠራ ጣቢያ ገንደ ውሃ ላይ ቢተከል ግን ኔትወርክ በጠፋ ቀን መብራቱ እያለ፣ ገንዘቡ በኪስ እያለ፣ ባለ መኪናው በሽቦው ፊት ቆሞ ይውላል። በጀሪካን ቤንዚን የሚሸጠው ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቆ አያውቅም፤ ብር ትሰጠዋለህ፣ ይቀዳልሃል።

ነገሩ ከዚህም ይከፋል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ጂፕ በመንገድ ላይ ሲሄድ ከሩቅ በኢንተርኔት ገብተው ሊቈጣጠሩት እንደሚችሉ አሳዩ፤ ክራይስለር 1.4 ሚሊዮን መኪኖች ለእርማት ለመጥራት ተገደደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሩስያ ወታደሮች ከዩክሬኗ ሜሊቶፖል ከተማ ከአንድ ሱቅ የጆን ዲር ትራክተሮችና ማጨጃዎች ዘርፈው እስከ ቼቺኒያ ወሰዷቸው፤ እዚያ ሲደርሱ መሣሪያዎቹ ከሩቅ ተቈልፈው አንሠራም አሉ። ዓለም በዚህ አጨበጨበ፤ ሌባ ተቀጣ ተባለ። እኔ ግን የመተማን የሰሊጥ እርሻ አስቤ አላጨበጨብኩም። ሌባን ከሩቅ መቈለፍ የሚችል እጅ ባለቤቱንም ከሩቅ መቈለፍ ይችላል። በዋጋ ክርክር፣ በመንግሥታት ጠብ፣ በማዕቀብ፣ ወይም በአንድ ሠራተኛ ስሕተት የአጨዳ ሰሞን ትራክተር ቢቈለፍ፣ ሰሊጡ አይጠብቅም፤ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል።

ሕጋችን ለዚህ ምን ይላል? የሕግ ተማሪ አይደለሁም፤ ነገር ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በሁላችንም ዘንድ የሚነበብ በመሆኑ አነበብኩት። ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ሲነዳው ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል፤ በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ግን ነፃ ይወጣል። ለዘመኑ መልካም ሕግ ነው፣ የተጎዳ ሰው ካሳ የሚጠይቀው እንዳያጣ ያደርጋል። አሁን ግን እስቲ አስቡት፤ አውቶሞቢሉ በባለቤቱ ግቢ ቆሞ ሳለ ሌሊት ከሩቅ አገር የተላከ የፕሮግራም ማደሻ ፍሬኑን ቢያበላሸውና በማግሥቱ ሰው ቢገጭ፣ ባለቤቱ «ተሰርቆብኛል» ሊል ይችላልን? ቁልፉ በኪሱ ነው፣ መኪናው በደጁ ነው፣ የተሰረቀው ሥልጣኑ ነው። የሥልጣን ስርቆት በዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርበውን ሰው ዕቃው በተለመደ አገባብ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። የመተማው ገበሬ ግን ሸንዘን ያለውን ፋብሪካ በየትኛው ፍርድ ቤት ይከሰዋል? መጥሪያውንስ ማን ያደርስለታል? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ሰርጎ የገባውን ይቀጣ ይሆናል፤ ተገጭቶ የወደቀውን አይክስም። የ2005ቱ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅም ቢሆን ሾፌርና መኪና እያሰበ የተጻፈ ነው፤ ከሩቅ የሚዘወር መሪ አላሰበም።

የመረጃው ነገር ደግሞ በጠረፍ አገር ተራ ነገር አይደለም። አውቶሞቢሉ የት እንዳደረ፣ በየትኛው ኬላ በስንት ሰዓት እንዳለፈ፣ በማን ደጅ እንደቆመ ይመዘግባል። በቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ሠሪዎች ይህን የመሰለ መረጃ ለመንግሥት መከታተያ ማዕከል እንዲልኩ ይገደዳሉ። አውሮፓውያን በበኩላቸው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2025 ጀምሮ የዕቃው ተጠቃሚ ዕቃው ያመነጨውን መረጃ የማግኘት መብት እንዲኖረው አድርገዋል። እኛ ዘንድ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ጠባቂነቱን ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ወደ ቆላ ያደረገው ጉዞ ዝርዝር በአንድ የውጭ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ፣ ከአንዱ ወገን «መረጃ አቀባይ» ከሌላው ወገን «ደጋፊ» ተብሎ ሊጠየቅ በሚችልበት አገር፣ መዝገቡን ማን ሊያይ እንደሚችል፣ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቈይ ስለ ተሽከርካሪ በስሙ ተጠርቶ መደንገግ አለበት። አጠቃላይ አዋጅ ከኬላ ላይ ካለ ታጣቂ ጋር ሲከራከር አላየሁም።

ሌላ የሕግ ቋጠሮም አለ፤ ትንሽ ይመስላል፣ ለቆላው ግን ትልቅ ነው። በ2006 ዓ.ም. የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 መሠረት ኤሌክትሪክ ለንግድ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። እንግዲህ አንዲት እናት በሻይ ቤቷ ጣራ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አንጥፋ፣ ለባጃጅ ባትሪ እየሞላች ብትከፈል፣ ኤሌክትሪክ ሸጠች ይባላልን? ወይስ አገልግሎት ሰጠች? ፀሐይ እንደ መተማ የበዛበት አገር ጥቂት ነው፤ መብራት ኃይል እስኪደርስ ድረስ ቆላውን የሚያንቀሳቅሰው ይኸው ነበር። ለእርሷም ከጣቢያ ባለቤቱ ኩባንያ እኩል ፈቃድ፣ እኩል መያዣ ገንዘብ የሚጠየቃት ከሆነ፣ ሕጉ ሳይፈልገው የጀሪካኑን ገበያ ይጠብቅለታል።

«ታዲያ መተማ ከክልከላው ነፃ ትውጣ ነው የምትለው?» የሚል ጓደኛ አለኝ። አይደለም። ነፃ ብትወጣ የአገሪቱ አሮጌ መኪና ሁሉ መቃብር ትሆናለች፣ ሰሌዳ እየተለወጠም አዲስ አበባ ይመለሳል። የምለው የተገላቢጦሽ ተሠርቷል ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ አውቶሞቢልን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተፈታትቶ ለሚገባው ምንም አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚኑ በር ተዘጋ። የዚህ ሁሉ ምሕረት የደረሰው አዲስ መኪና መግዛት ለሚችለው ነው። የቆላው ሰው ግን የሚጓዘው በአይሱዙ ጀርባ፣ በሚኒባስና በባጃጅ ነው። በሩዋንዳዋ ኪጋሊ አምፐርሳንድ የተባለ ድርጅት ባዶውን የሞተር ብስክሌት ባትሪ ተቀብሎ የሞላ ባትሪ በደቂቃ ይሰጣል፤ ነጂው ባትሪ አይገዛም፣ ቻርጅ እስኪሆን አይጠብቅም፣ ባትሪውም በጥላ ሥር ቀዝቀዝ ብሎ ይሞላል። ለመተማ ባጃጅ ከዚህ የተሻለ የሚስማማ አላየሁም። ምሕረቱ ከአውቶሞቢሉ ይልቅ ወደዚህ ቢዞር ምን ነበረበት?

የመብራቱን ዋጋ በተመለከተ አንዲት ቃል ብቻ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ተወስኗል። «ኤሌክትሪክ ርካሽ ነው» እያለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ይህንንም አብሮ ይንገር።

እንዲህ ያለው የአገርን መንገድ ሁሉ የሚለውጥ ነገር ወደ ሕዝቡ ጆሮ የደረሰበትም አኳኋን አላስደሰተኝም። ዱሮ አዋጅ ሲወጣ ነጋሪት ተጎስሞ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት ይነገር ነበር። ይህኛውን የሰማነው ሚኒስትሩ ለኮሚቴ ሲናገሩ ነው። ጎንደር፣ ገንደ ውሃ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ላይ ሰው ሰብስቦ «መንገዳችሁ ስንት ነው? መብራታችሁ በሳምንት ስንት ቀን ይጠፋል? ምን ትጭናላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ቢኖር ኖሮ ከላይ ከጻፍኩት ብዙውን ባልጻፍኩት ነበር፤ ሾፌሮቹ ከኔ አሳምረው ይናገሩት ነበርና።

የተማሪዎች ማኅበራችን በዚህ ጉዳይ ዝም ማለት የለበትም። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞችና እኅቶች በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ላይ ያነሣሁትን ክፍተት በረቂቅ መልክ ያዘጋጁ፤ በተለይ አስመጪው በአገር ውስጥ እንደ ሠሪው ተቆጥሮ እንዲጠየቅ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከሩቅ መቈለፍም የተከለከለ እንዲሆን። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲዎቹ የሸኸዲ ማከፋፈያ ጣቢያ ከኤክስፖርቱ መስመር ጎን ለጎን ለመንገዱ ስንት ሜጋ ዋት ሊለቅ እንደሚችል ያስሉ። ረቂቁና ስሌቱ አንድ ላይ ታስሮ ለነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንና ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ይላክ። ከጎንደር በታች የሚተከለው የመጀመሪያው ጣቢያ ገንደ ውሃ ላይ ይሁን፤ ጥላ ይኑረው፣ የራሱ ትራንስፎርመር ይኑረው እንጂ ከሰፈሩ ምጣድ ጋር አይሻማ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም መሙላቱን የማያቋርጥ ይሁን፤ ከሽቦው አጠገብም ብር ተቀብሎ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው የሚቀመጥበት አንድ መስኮት ይኑረው። ይህ ሁሉ ከጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ በፊት ቢሆን ደግሞ ሳሉጉን የሚያመጣው ሚኒባስም ይጠቀምበታል።